«ዶክተር» የተባለው ልጅ ሲከፋው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ሸኙ፤ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ሕክምና የሚማሩትም ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ሊበን ገቡ።

በእነዚህ አካባቢዎች ጎረቤቱ ገና ከአንደኛ ዓመት «ዶክተር» ይላቸዋል። ያኔ ስለ በሽታው የሚጠየቁት እነርሱ፣ መልሱ ያልተሰጣቸውም እነርሱ ነበሩ። ትምህርቱ መቼ እንደሚቀጥል የሚነግራቸው አልነበረም። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ «በኦንላይን ተማሩ» ማለትስ ፌዝ አልነበረም? ሕክምና ከታማሚ አልጋ አጠገብ እንጂ በስልክ አይለመድም።

ጭንቀቱን ግን ወረርሽኙ አልፈጠረውም። ከዚያ በፊት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የ43 አገሮች ጥናቶች ትንተና 27.2 በመቶ የሕክምና ተማሪዎች የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ ለሕክምና የሄዱት 15.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ምልክቱን ለፈተና በቃሉ የያዘ ሰው በራሱ ላይ ሲያየው ይደብቀዋል፤ «የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ታየ» መባልን ይፈራልና።

ልጁ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ሲርቅ ቤተሰቡ ጸበል ይወስደዋል። አንነቅፍም፤ ሐኪሙ እስካልቀረ ድረስ። የሕክምና ኮሌጆች ግን ምን ሰበብ አላቸው? ባለሙያው እደጃቸው ነው። ተማሪውን የሚያክመው የሚፈትነው መምህር አይሁን፤ ምሥጢሩም ከውጤት መዝገቡ ይለይ። ታምሞ ዓመት ያቋረጠም ያለ ቅጣት ይመለስ።