ለጋምቤላ የሚበጀው የባሮ ተክል ነው

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በመስኮት ዳር የሚያሳድጓት ፒንጉኪዩላ የምትባል ትንሽ ሥጋ በል ተክል አለች። ቅጠሏ ያጣብቃል፤ ያረፈባት ትንኝ እዚያው ይቀራል፣ ተክሏም በምታመነጨው ፈሳሽ ታሟሟዋለች። ወደ 100 ከሚጠጉት ዝርያዎቿ ግማሽ ያህሉ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ናቸው። የምትፈልገው በቂ ብርሃን፣ ማዳበሪያ ያልነካው አፈር፣ የዝናብ ውሃና ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ነው።

ጋምቤላ ይህን ሌሊት አትሰጣትም። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል።

ይሁንና ሙቀቱን የለመደ የፒንጉኪዩላ የቅርብ ዘመድ አለ፤ ዩትሪኩላሪያ ይባላል። ሥር የለውም፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎቹ በረጋ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ኢንፍሌክሳና ስቴላሪስ የተባሉት በነጭ ዓባይ ረግረጎች የታወቁ፣ በኢትዮጵያም የተመዘገቡ ናቸው። የጋምቤላው የባሮ ወንዝ ደግሞ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ከሆነ በኋላ የሚገባው ወደዚያው ወደ ነጭ ዓባይ ነው።

የዚህ ተክል አደን ያስደንቃል። በቅርንጫፎቹ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ፊኛዎች አሉት። ተክሉ ውሃውን ከፊኛዎቹ እያስወጣ ግድግዳቸውን ወደ ውስጥ ያጎብጣል። አንዲት ትንሽ የውሃ እንስሳ በደጁ ያለውን ፀጉር ስትነካ በሩ ይከፈትና ከውሃው ጋር ትሳባለች። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በፈጣን ካሜራ ሲለኩት መሳቡ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ እንደሚያልቅ አዩ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል።

ከውጭ የሚመጣ ጌጠኛ ተክል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ኢትዮጵያ በእምቦጭ አይታዋለች። የደቡብ አሜሪካው እምቦጭ በዓለም የተሠራጨው በአበባው ውበት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ የጋምቤላ ወንዞች ባሮና ጊሎም አላመለጡም። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን ይጠፋል፤ ዩትሪኩላሪያም ያለ ብርሃን አይኖርም። ስለዚህ ባዕድ የውሃ ተክል በሻንጣ ይዞ መግባት በምንም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

አገር በቀሉን ዩትሪኩላሪያ ማሳደግ ግን ይቻላል። ነጭ ሳፋ፣ የዝናብ ውሃ፣ ከዚያው ረግረግ የመጣ ጥቂት የበሰበሰ ሣር፣ የጠዋት ፀሐይና የቀትር ጥላ ይበቁታል። ማዳበሪያ ውሃውን በአልጌ ስለሚሞላው ይጎዳዋል። ወባ ባለበት አገር ሳፋው በአጎበር ጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ተክሉ የትንኝ እጭ ቢይዝም የወባ መከላከያ አይደለም። ከረግረጉም አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ይወሰድ።

ይህን ሥራ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በመጪው ክረምት ሊጀምሩት ይገባል። ተማሪዎች ከኢታንግ እስከ አቦቦ ባሉት ኩሬዎች የሚያገኙትን ዝርያና ቦታውን ይመዝግቡ፤ የደረቀ ናሙናም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም ይላኩ። እምቦጭ የደረሰበትን ቦታ በዚያው መዝገብ ላይ ካሰፈሩ፣ ነቀላው ከየትኛው ኩሬ መጀመር እንዳለበት ክልሉ በማስረጃ መወሰን ይችላል።