ትየርኪዲ ላይ ምን ሊከደን?

«የከብት እበት በካይ ጋዝ ያወጣልና አየር በሚያሳልፍ ክዳን ይሸፈን» የሚል ምክር አለ። ምክሩ ውሸት አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ትላልቅ እርባታዎች እበቱ ከሽንትና ከውሃ ጋር ተደባልቆ ለወራት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከላዩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጭድ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይንሳፈፍበታል። ጋዙ በክዳኑ ሾልኮ ሲወጣ ክዳኑ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ይመገቡታል፤ ሽታውና አሞኒያው ይቀንሳል። ጭዱ ግን በጥቂት ወራት ይሰምጣል። በሚቴን በኩል ደግሞ ከዚህ ክዳን ብዙ ባይጠበቅ ይሻላል።

እኛን ያበሳጨን ምክሩ ሳይሆን አድራሻው ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ገና ከጅምሩ «የት?» ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። ስለ አርብቶ አደር ከብት በካይነት ሲወራ ይህቺ ጥያቄ ትዘለላለች። እንግዲያው እኛ እንጠይቃት፤ ትየርኪዲ ላይ የሚከደነው ምኑ ነው?

ትየርኪዲ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች በ2006 ዓ.ም በጋምቤላ የተከፈተ የስደተኞች ጣቢያ ነው። ነዋሪው በአብዛኛው ኑዌር ነው። ኑዌር ዘንድ እበት ሀብት እንጂ ጥራጊ አይደለም። ደርቆ ማታ ማታ ይጨሳል፤ ትንኙም ዝንቡም ከሰውና ከከብት ይሸሻል። አመዱ ጥርስ ይጸዳበታል፣ ገላ ይቀባበታል። እርጥቡ ቤት ይለሰንበታል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ጽፎታል። ታዲያ ጉድጓዱ የታለ? ብዙዎቹ እኮ ከብቶቻቸውን ራሳቸውን አጥተው ነው የመጡት!

ቁጥርም ካስፈለገ አለ። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በሞቃት አገር ክፍት የፈሳሽ እበት ኩሬ ሊያወጣ ከሚችለው ሚቴን እስከ 80 በመቶ ድረስ ይለቃል። ሜዳ ላይ የሚደርቀው 2 በመቶ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ከአገሪቱ ልቀት ከ40 በመቶ በላይ ከእንስሳት እንደሚመጣ ተናግሯል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚወጣው ከግሳት ነው። የላም አፍ ደግሞ በጭድ አይከደንም።

ጢስ ሳንባ ይጎዳል የሚለን ቢኖር አንከራከርም፤ ይጎዳል። መፍትሔው ታዲያ አጎበርና ማገዶ ነው። ከጣቢያው ርቀው እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ጥቃት ይደርስባቸዋል፤ ደኑ በሳሳ ቁጥር ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ያለው ፍጥጫም ይከርራል። ደረቅ እበት ለማገዶ የሚሆነውን ሰው «ክደነው» ማለት፣ ድስቱን ከምድጃው አውርደው ስለ ክዳኑ ማማር እንደማውራት ነው።

ክዳን ይግባ ከተባለ ጉድጓድ ያለበት ይግባ። አዲስ አበባ ውስጥና ዙሪያዋን፣ ቢሾፍቱም ጭምር፣ ላሞች ታስረው የሚታለቡባቸው፣ እበቱ በውሃ ታጥቦ የሚጠራቀምባቸው በረቶች አሉ። ጎረቤቱ መስኮቱን ዘግቶ የሚውለው እዚያ ነው። ጭድም አለ፣ ባለቤትም አለ፣ የሚያስገድድ ባለሥልጣንም አለ። እዚያ መሄድ ግን ባለሀብት ያስቀይማል፤ ስደተኛን መምከር ማንንም አያስቀይምም።