አፍን ከፍቶ ማሳየት ነውር አይደለም



መቼም ኤች.ፒ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ የማኅፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣ እናቶች ከሰሙ ቆይተዋል። ሰሞኑን ደግሞ በአፍና በጉሮሮም ይገባል ሲባል ግማሹ ሰው ደነገጠ፣ ግማሹ «ደሜን ሰጥቼ ልመርመር» አለ፣ ሌላውም የሰው ስም ማንሳት ጀመረ። ስለዚህ ጥቂት ቃል ልበል።

የዚህ ቫይረስ ዓይነቱ ከመቶ በላይ ነው። አንዳንዱ በከንፈርና በምላስ ላይ ኪንታሮት ያወጣል እንጂ አይገድልም። 16 ቁጥር የተሰጠው ግን በምላስ ሥርና በቶንሲል ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሆኖም ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳያውቁት ይለቃቸዋል። በመሆኑም ምንም ለማያመው ሰው ጉሮሮ የሚታዘዝ የኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ የለም። «አለብህ» ቢባልም ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። ገንዘባችንን በከንቱ አናፍስስ። ለማኅፀን በር ግን ምርመራ ስላለ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች ሄዳችሁ ታዩ።

ታዲያ ለአፍ ምን ይሻላል? ማሳየት ነው! ሐኪም በመብራት አፍን ያያል፣ አንገትን ይዳስሳል። ካጠራጠረው ከቁስሉ ቁራጭ ወስዶ ላቦራቶሪ ይልካል። ካንሰር ሆኖ ሲገኝ ቫይረሱ የሚፈለገው በዚያው ቁራጭ ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ የአንገት እብጠት፣ ሲውጡ የሚያም ጉሮሮ ያለበት ሰው ነገ ዛሬ አይበል። በተለይ በጫት ሰዓት ሲጋራ የምትደራርቡ ወንድሞች፣ የአፍ ካንሰር ዋናው መንስዔ ትምባሆ መሆኑን አትርሱ።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ጉሮሮው ያመመውን «እንጥሉ ወርዷል» ብለን ወደ ቆራጭ እንወስዳለን። ምላጩ ደም ያፈስሳል፣ ጊዜም ይበላል፤ ካንሰርን ግን አያድንም። ሁለተኛው ጥፋታችን ሐሜት ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ካንሰር የሚሆነው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መቼና ከማን እንደመጣ ሐኪምም አይነግራችሁም። ታዲያ «ከማን ያዘው?» ብሎ መጠየቅ በሽተኛውን ቤቱ ከመደበቅ በቀር ምን ይጠቅማል?

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ሰው ሲሞት ገንዘብ በዕለቱ ይዋጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ግን ለመሳፈሪያና ለካርድ የሚያበድረው አጥቶ ይቀመጣል። እኛ ጅጅጋ ያለነው ካራማራና ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታሎች አጠገባችን ናቸው። ከቶጎ ውጫሌና ከቀብሪበያህ የሚመጣ ዘመድ ግን መኪናም ማደሪያም ይፈልጋል። ስለሆነም ከማኅበሩ ገንዘብ ጥቂቱ ለምርመራ መሄጃ በብድር እንዲሰጥ በሚቀጥለው ስብሰባ አሳስባለሁ። ተወያዩበት።

በመጨረሻም ሴት ልጆቻችንን እናስከትብ። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ በዘመቻ ተዳረሰ። ያመለጣት ልጅ ካለች ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጠይቁ።

ለቀብር የምንተባበረውን ያህል ለሕክምናም እንተባበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ