ርካሽ ፖርሽ የለም

አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ ደውሎ «ቲቸር፣ የ2001 ፖርሽ ቦክስተር በማዝዳ ሚያታ ዋጋ አገኘሁ፤ ልግዛው?» አለኝ። ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫውና የእጅ ዋጋው ግን አብሮ አይወርድም። አሮጌ ቦክስተርም ቢሆን ጋራዥ ሲገባ የሚያስከፍለው እንደ ፖርሽ ነው። በዚያ ላይ የዚህ ሞዴል ሞተር ውስጥ አይኤምኤስ የሚባል ኩሽኔታ አለ። እሱ ከተበላሸ ሞተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት፣ ብልህ ሰው ፍሪሲዮን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይረዋል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው፤ «ተቀይሯል» ካለህ ደረሰኙን ያሳይህ።

ሚያታ ባለ 4 ሲሊንደር ቀላል መኪና ነው። ኮፋኖውን ስትከፍት ሞተሩ ፊትህ ነው፤ የቦክስተሩ ግን ከመቀመጫው ጀርባ ተቀብሯል።

አልዋሽም፣ ቦክስተሩ ይፈጥናል፤ ድምፁም ልብ ይሰርቃል። ግን ጋራዥ የቆመ ቦክስተር የሚሄድ ሚያታን አይቀድምም።

ልጄ፣ ይህ የሁለት ዓመት የሌሊት ሥራህ ገንዘብ ነው። ለመግዣው ብቻ ከበቃህ ሚያታውን ግዛ። ለጥገና የሚሆን ለብቻው ካስቀመጥክ ግን ቦክስተሩን በማታውቀው ሳይሆን በምታምነው መካኒክ አስፈትሸህ ውሰድ፤ እኔም እመርቅሃለሁ።

ቦክስተር የያዛችሁ ካላችሁ፣ እስቲ እውነቱን ንገሩት።