ጎማውን የሚበላው አስፋልቱ ብቻ አይደለም

አንድ ሚኒባስ ታክሲ ጎሚስታ ቤት ቆሟል እንበል። የፊት ጎማው ከውጭ ሲያዩት ጥርሱ ገና አላለቀም። ጎሚስታው አውልቆ ሲያገላብጠው ግን በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ሽቦው ወጥቷል። ሹፌሩ የጎማውን ጥራት ያማርራል። ባለንብረቱ ሹፌሩን ይወቅሳል። አላይመንትን የሚያነሳ የለም።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። መኪናው ወደ ፊት እየሄደ ጎማው ትንሽ ወደ ጎን ከዞረ፣ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን እየተፋቀም ነው። 1 ዲግሪ የተዛነፈ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደተጎተተ ይቆጠራል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ታክሲ ይህ በየቀኑ 1.7 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ መሞረድ ነው።

ብዙ አሽከርካሪ "መሪው ካልጎተተ ደህና ነው" ይላል። ስህተት ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወደ ውጭ ከተከፈቱ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ግን ከውስጥ ያልቃሉ። ባላንስም ሌላ ሥራ ነው፤ የመሪን መንቀጥቀጥ ያስቀራል እንጂ የጎማን አቅጣጫ አያቃናም። ጎማ አዟዙሮ ማሰር ብቻውን ደግሞ ጉዳቱን ለሌላው ጎማ ማካፈል ነው።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። አንድ ጎማ መሬት የሚይዘው መዳፍ በምታክል ቦታ ነው። ከእሷ ላይ ግማሿ ከተላጠች፣ በክረምት ዝናብ ውሃውን የሚያስወጣ ቦይ የለም፤ ፍሬን ቢያዝም ጎማው ይንሸራተታል። ሽቦው የወጣ ጎማ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ቢፈነዳ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ስለ ጎማው ምንም የማያውቀው ተሳፋሪ ነው።

ታዲያ ለምን ችላ ይባላል? በብዙ ታክሲዎች ሹፌሩ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ጎማ የሚገዛው ባለንብረቱ ነው። ለአላይመንት የቆመ ታክሲ የሹፌሩን ኪስ ይነካል፤ ያለቀ ጎማ የባለንብረቱን። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ጉድጓዱ የመንገድ ሠሪው ጥፋት ነው ማለት ይቻላል፤ እውነትም ነው። ጉድጓዱ ያዛነፈውን ጎማ እንደተዛነፈ መንዳት ግን የባለመኪናው ምርጫ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አዲስ ጎማ ሲታሰር፣ ጉድጓድ ክፉኛ ሲመታ፣ የመሪ ዕቃ ሲቀየር አላይመንት ይሠራ። ከዚያ በፊት የላላ የመሪ ዕቃ ይጠበቅ ወይም ይቀየር፤ በላላ ዕቃ ላይ የተሠራ አላይመንት አይቆይም። ባለንብረቱ የሚያስቆመውን ቀን ከገቢው ላይ ይቀንስ። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ በባትሪ መብራት ይታይ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጎማ መቀየር ለማንም ቀላል ወጪ አይደለም። የአላይመንት ክፍያን የሚሸሽ ሰው ገንዘቡን አላተረፈም፤ ለጎማ ነጋዴው አቆየለት እንጂ።