የድል በዓልና በዋሻ የቀሩት ወገኖቻችን

በያመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል በመላው ኢትዮጵያ ይከበራል። ይህ ዕለት ሐዘንና ደስታ አንድ ላይ የተጻፈበት ዕለት ነው። ይኸውም በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው፣ ከአምስት ዓመትም በኋላ በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው የተመለሱት በዚሁ ቀን ስለ ሆነ ነው። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ቀን ተዛውሮ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከጠላት የተረከበው በዚያ ቀን ነውና። በኋላ ግን ወደ ጥንቱ ቀን ተመልሷል። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ ቀኑ ለመከራከር አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ማንን እናስባለን በሚለው ጥያቄ ላይ ያለኝን አሳብ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ለማቅረብ ነው።

እኛ የሞላሌ ተማሪዎች በዓሉን እንዴት እንደምናከብር አንባብያን ታውቃላችሁ። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ ግጥም ይነበባል፤ ሽለላና ፉከራ ይሰማል፤ ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ የያዙ ልጆች በሜዳው ላይ ይሯሯጣሉ። ለቴአትሩ ሰው ሲደለደል ወንዱ ሁሉ ደጃዝማች ባልቻን ካልሆንኩ ይላል፤ ኢጣልያን የሚሆን ይጠፋና ክርክር ይነሣል። ስንቅ ተሸካሚ ልሁን የሚል፣ ወይም ወፍጮ ስር የተቀመጠች እናት ልሁን የምትል ግን እስካሁን አልሰማሁም። ይህን የምለው በዓሉን ለመንቀፍ አይደለም። ፉከራ ያባቶቻችን ቅርስ ነው፤ ቢቀር እኔም አዝናለሁ። ነገር ግን የጦር ታሪካችንን በተኳሹ ብቻ የምናውቀው ከሆነ እኩሌታውን አናውቀውም ማለት ነው።

ለምሳሌ ዐድዋን እንውሰድ። በክፍል ውስጥ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 እንማራለን፤ ስለ አምባ አላጌ፣ ስለ መቀሌ ምሽግ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ድል ስለ መሆኑም እንማራለን። የዚያ ዘመን ወታደር ግን ከሸዋ ተነሥቶ ዐድዋ እስኪደርስ ወራት ተጉዟል፤ በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ያዘጋጀለት ቤቱ ነው። መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ የተለቀቀው በመድፍ ብዛት ሳይሆን፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ስለ ተያዘበት ነው። የዐድዋውም ውጊያ በዚያ ቀን የሆነበት አንዱ ምክንያት ስንቅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ሰፈር ቀለብ እያለቀ ሄዶ ነበር፤ በባራቲየሪም ሰፈር እንዲሁ። ከሁለቱ አንዱ መንቀሳቀስ ነበረበት፤ ባራቲየሪ በሌሊት ተነሣ። እንግዲህ ከጠመንጃው በፊት ጆንያው ወስኖ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከዐድዋ ወደ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ስንመጣ ነገሩ ወደ ደጃችን ይቀርባል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ከተሸነፈና ንጉሠ ነገሥቱም ከተሰደዱ በኋላ በሸዋ ምድር ብዙ ሰው ዱር ቤቴ አለ። ደጃዝማች ኀይለ ማርያም ማሞ በዚሁ ትግል ወደቁ፤ ዛሬ በደብረ ብርሃን በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። አበበ አረጋይም፣ በኋላ ራስ የተባሉት፣ በመንዝ፣ በጅሩና በመርሐ ቤቴ ገደላገደል አምስቱን ዓመት ሳይበገሩ ቆዩ። ይህን ሁላችንም በኩራት እንናገራለን።

ነገር ግን አርበኛ አያርስም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ማዶ የሚያድር ሰው ማን አበላው? የመንዝ ብርድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያሻኝም፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ማን አለበሰው? ገብሱን ያመረተው በሬ የቀረለት ገበሬ ነው። ቆልታ ፈጭታ በሶውን ያሰናዳችው ሴት ነች። የበጉን ጠጉር የፈተለችው እርሷ ነች፤ በርኖሱንና ባናውን የሠራውም የመንደሩ ሸማኔ ነው። ኢጣልያኖች ይህን ከእኛ ይልቅ በደንብ ተረድተውት ነበር። ስለዚህ አርበኛውን ማግኘት ሲያቅታቸው መንደሩን አቃጠሉ፤ ከብቱን ነዱ፤ እህሉን አጠፉ። ሥሩ የት እንዳለ ያውቁ ነበርና።

የዘረት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘረት ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ በመንዝ ምድር ነው። በገደሉ ውስጥ ያለውን ትልቅ ዋሻ የአገሩ ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። ስሙን ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በውስጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ጠመንጃ አንሥተው የማያውቁ ነበሩና። የአበበ አረጋይን ጦር ተከትለው የነበሩ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሎችና ቁስለኞች ከጥቂት ታጣቂዎች ጋር ተጠግተውበት ነበር። ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከበባቸው። ሚያዝያ 1 በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለበት ቀን ነው።

መትረየስና መድፍ ዋሻውን አልከፈተላቸውም። ስለዚህ የመርዝ ጭስ ያለበት የመድፍ ጥይት ተኮሱ፤ ኢፕሪት የተባለውን ሥጋ የሚያቃጥል መርዝም በበርሜል አድርገው በዋሻው አፍ አወረዱ። ይህ መርዝ በጦርነት እንዳይሠራበት መንግሥታት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. በጀኔቭ ተስማምተው ነበር፤ ከፈረሙትም አንዷ ኢጣልያ ነች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያው በጀኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚሁ መርዝ አቤት ብለው ነበር። ዓለም ሰምቶ ዝም አለ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም መርዙ የመንዝ ሕፃናት ያሉበት ዋሻ ውስጥ ገባ። ጥቂቶች በሌሊት ሾልከው አመለጡ። እጃቸውን ከሰጡት ወንዶች ብዙዎቹ በገደሉ አፍ ላይ ተረሸኑ። ተመራማሪዎች የሟቹን ቁጥር ከ800 እስከ 1500 ይገምቱታል።

ይህን ታሪክ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ማነው? እኛ አይደለንም። ማቴኦ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው። በገዛ አገሩ የጦር ሠራዊት መዝገብ ቤት ሰነዱን አገኘ፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ነገሩ በኢጣልያ ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ከዚያም የስፔንና የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ጥናት ሊቃውንት ዋሻውን መርምረው በ2011 ጥናታቸውን አሳተሙ። በዋሻው ውስጥ የተገኘው የሰው አጽም፣ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ፣ የሸክላ ስባሪና የእህል ማስቀመጫ ነው። የጦር ሰፈር ብቻ ሳይሆን ቤት ነበር ማለት ነው። የገዳዩ አገር ሰው መዝገብ አገላብጦ እውነቱን በማውጣቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ እኛ ግን የሟቾቹ ጎረቤቶች ሆነን ከእርሱ ኋላ መቅረታችን ሊከነክነን ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ አሳብ አይጥማቸውም። የድል ቀን የደስታ ቀን ነው፤ ስለ ሞቱት እያነሡ ልጆችን ማሳዘን ምን ይጠቅማል ይላሉ። ለእነርሱ የምመልሰው ከራሳችን ልማድ ነው። በመንዝ ተዝካር ሲወጣ ጠላው ይጠመቃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ጎረቤቱ ይበላል፤ ይጠጣል፤ የሟቹም ስም ይነሣል። ድግሱ ስሙን አያስረሳም፤ ስሙም ድግሱን አያበላሸውም። ታዲያ በየቤታችን የምናውቀውን ነገር በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ለምን እንፈራዋለን?

ደግሞም ጦርነት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ እኛ ቴአትር አያስፈልገንም። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ እስከ ሞላሌ ድረስ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበርን ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት ተቀምጠናል። የጦርነት ወሬ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ፎከረ ብሎ አይደለም። ዱቄቱን የት ላድርገው፣ ላረጀችው እናቴ ማን ይድረስላት፣ ከብቱን ወዴት ልንዳው ነው የሚለው። በዘረት ዋሻ ውስጥ የነበሩትም ይህንኑ ሲሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የእነርሱ ነገር ለእኛ ከማንም ይልቅ ይገባናል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ስማቸው አይታወቅም፤ ጊዜውም አልፏል የሚል መልስ አልቀበልም። በ1931 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት አልፎታል፤ እንዲህ ያሉ አዛውንት በየአጥቢያው አንድም ሁለትም አይጠፉም። እነርሱ ባይኖሩ ልጆቻቸው አሉ፤ ከእናት ከአባታቸው የሰሙት አላቸው። ነገር ግን በያመቱ ክረምት ጥቂቶቹ ይቀንሳሉ፤ የእኛ የጽሕፈት ደብተር ደግሞ ገና ባዶ ነው።

በየክፍሉ ያለን ተማሪዎች በፋሲካ ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት እንጠይቅ። አያቶቻችንን ስንጠይቅ በፈተና ዓይነት ሳይሆን ቡና ሲፈላ ቀስ ብለን ይሁን፤ እማማ እያሉ ከጎን መቀመጥ ያስፈልጋል። ማን ዱር ገባ? ማን ስንቅ አቀበለ? ቤቱ የተቃጠለበት ማነው? ወደ ዘረት ሄዶ ያልተመለሰስ አለ? የሰማነውን በየስሙ፣ በየአጥቢያው ጽፈን እናምጣ። የታሪክ መምህራችን ቢፈቅዱ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጥ። በድል በዓል ዋዜማም ከፉከራው በፊት ሁለት ተማሪዎች ወጥተው ስሞቹን ያንብቡ። ይህ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። በአምስቱ ዓመት ከጠላት ጋር የተሰለፈ፣ የወገኑንም መንደር ያሳየ ሰው በአገራችን እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዋሻውን ከከበቡትም መካከል ኢጣልያ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ የመለመለቻቸው ወታደሮች ነበሩ። ይህ መዝገብ ግን የማን አያት ባንዳ ነበር ተብሎ የሚፈተሽበት አይደለም። ልጅ በአያቱ ጥፋት አይጠየቅም፤ እኛም አንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ልጆች ነን። ስለዚህ ይህን ፈርታችሁ ዝም አትበሉን። የሚጻፈው የሞተው፣ የተራበውና ያበላው ነው።

ስሙ ጨርሶ የጠፋ ቢኖር እንኳ ባዶ መስመር አይተው። አዛውንቱ በሚያስታውሱት መጠን፣ ከየትኛው አጥቢያ እንደ ሆነ ተመልክቶ፣ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተብሎ ይጻፍ።