አሮጌ ድራይቨር ሲሰናበት የማኅበሩ መዝገብ አብሮ እንዳይሰናበት

የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ጉዳይ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ ገርጂ ወይም ወደ መገናኛ ጎራ ብሎ ያገለገለ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ማፈላለጉ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። ያገለገለው ግን የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ ዕጣና መዋጮ፣ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ለመመዝገብ ይበቃል። ባለሙያው ሊኑክስ የተባለውን ዋና ፕሮግራም ቢጭንለት ደግሞ ለፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ማኅበሩ በዚህ አኳኋን ዓመታት ሠርቶ ሳለ አንድ ቀን ፕሮግራሙ ይታደሳል፤ በማግስቱ ማተሚያው አልታዘዝም ይላል። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ድራይቨሩ ጡረታ ወጥቷል።

ድራይቨር ማለት በዋናው ፕሮግራምና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ማተሚያው፣ የኔትዎርክ ካርዱ፣ የዲስክ ማንበቢያው እያንዳንዱ የየራሱ ቋንቋ አለው። አስተርጓሚው ሲነሳ መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዲዳ ይሆናል።

የሊኑክስ እምብርት ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መስመር አለው፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ድራይቨር ነው። ይህን ሁሉ የሚጠብቁት በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የማይጠበቀውን ክፍል ከጊዜ ወደ ጊዜ ያስወግዳሉ። ለትውልድ ቤቱ እንኳ አላዘኑም። ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን በ1983 ዓ.ም. የጀመረው 386 በተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ግን ሊኑክስ 386ን ማገልገሉን አቆመ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፍሎፒ ዲስኩ ድራይቨር ጠባቂ የሌለው ተብሎ ተመዘገበ፤ የሚሠራ ማንበቢያ አግኝቶ መሞከር አስቸጋሪ ሆኖ ነበርና።

ይህን አሠራር እንደ ጭካኔ ማየት ስሕተት ነው። የጎተራን ቀዳዳ የማያይ ሰው አይጥን ሊከስ አይችልም። አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ከፋፍሎ ለብዙ ተጠቃሚዎች ለማዳረስ የሚያገለግል ኪውኢሙ የተባለ ፕሮግራም አለ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያን በሚያስመስለው ክፍሉ ውስጥ፣ ለሰርጎ ገብ በር የሚከፍት ቀዳዳ ተገኘ። ቀዳዳው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነበር። ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው በጠፋበት ዘመን ክፍሉን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎችም ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር ሲሰጥ የቆየ አንድ የአሮጌ ፋክስ ሞደም ድራይቨር የሰርጎ ገቦች መሣሪያ ሆኖ ስለተገኘ፣ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ባወጣው ማሻሻያ ነቅሎ ጣለው። አደጋው ሞደሙን የማይጠቀመውን ኮምፒዩተር ጭምር የሚነካ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃውም በዚያው ዕለት ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችሉት ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ባለቤቶቻቸው ሊኑክስን እንዲሞክሩ እየተመከሩ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለማኅበራቱ ከቀድሞው ይልቅ እየቀረበ መጥቷል።

ይሁንና አንድ ድራይቨር የሚሰናበተው ስላረጀ ብቻ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ሞቶሮላ 68000 የተባለው የፕሮሰሰር ዘር ከ386 ይቀድማል፤ ቢሆንም 386 ተሰናብቶ ይኸኛው በሊኑክስ ውስጥ ቀርቷል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ የሚጠብቁትና በየጊዜው የሚፈትኑት ወዳጆች አሉት። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ባለሙያ ይህን ድራይቨር እናንሳው የሚል ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚጠቀምበት ሰው ይኖር እንደሆነም ይጠየቃል። «እኔ ዘንድ ይሠራል፣ ልፈትነውም እችላለሁ» የሚል ከተገኘ የመቆየት ዕድል አለው። ዝም ከተባለ ግን ተጠቃሚ እንደሌለ ተቆጥሮ ይነሳል።

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ ብቻ በሚነበብ ማስታወቂያ የሚቀርበው ጥያቄ ከወረዳ ከተማ አልፎ ገጠር ቀበሌ ሊደርስ አይችልም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በተባለው እንቅስቃሴ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ ፕሮሰሰራቸውም ጂኦድ ይባላል። ዴብያን የተባለው የታወቀ የሊኑክስ ዓይነት በሰኔ 2015 ዓ.ም. 12ኛ እትሙን ሲያወጣ ጂኦድን እንደማይቀበል በስሙ ጠርቶ አስታውቋል። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው 13ኛ እትም ደግሞ ባለ 32 ቢት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚጫንበትን መንገድ ዘግቷል። መግለጫዎቹ በወቅቱ ወጥተዋል። መሣሪያው በእጁ ላለው መምህር ወይም የማኅበር ጸሐፊ በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ከሌለ ግን ማስታወቂያው ወጣ ማለት ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ክፍተት የሚሞሉት ዕቃውን የሚሸጡትና የሚጠግኑት የቦሌና የመገናኛ ባለሙያዎች ቢሆኑ ያምርባቸዋል። በጎሮ በኩል ባለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ የሚሠሩ ወጣቶችም ቢሆኑ ከዚህ ኃላፊነት ነፃ አይደሉም። «ይህ ካርድ በኢትዮጵያ ገጠር እየሠራ ነው» የሚል አንድ አጭር መልእክት ለድራይቨሩ ጠባቂዎች መላክ ካፒታል የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሸጦ ዘወር ማለት ቀላል ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመለሰው ገበሬ ግን ያንኑ ሱቅ ነው የሚያንኳኳው።

የማኅበራት መሪዎችም ከመግዛታቸው በፊት ሊጠይቁ ይገባቸዋል። ኮምፒዩተሩ ባለ 64 ቢት ነው ወይስ ባለ 32? ማተሚያው አሁን በወጣው የሊኑክስ እትም ሲያትም እዚያው ሱቅ ውስጥ በዓይን ታይቷል? ሻጩ «ይሠራል» ማለቱ አይበቃም፤ አንድ ወረቀት ያትምና ያሳይ። የተገዛው መሣሪያ ስምና የሞዴል ቁጥር በማኅበሩ የንብረት መዝገብ ላይ ከበሬውና ከሞፈሩ እኩል ይጻፍ። ቁጥሩ ከሌለ ከተማ ያለው ባለሙያ ስለ የትኛው ድራይቨር እንደሚጠይቅ ሊያውቅ አይችልም።

ድራይቨሩ የተነሳበት ማኅበርም ቢሆን ወዲያው መሣሪያውን አውጥቶ መጣል የለበትም። ድራይቨሩ የነበረበት የቀድሞው እትም ተመልሶ ሊጫን ይችላል፤ የተሰናበተው ጽሑፍም በሊኑክስ ታሪክ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚቆይ ጠባቂ የሚሆን ሰው ከተገኘ እንዲመለስ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ጥገና በተቋረጠበት እትም የሚሠራ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም። መዝገቡ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በሌላ ሰው ቤት ሊቀመጥ፣ የአባላቱ ዕጣና ዕዳም በወረቀት ታትሞ በማኅተም ሊረጋገጥ ይገባል። ዕዳውን የከፈለ ገበሬ ኮምፒዩተሩ አላነብም ስላለ ሁለተኛ እንዲከፍል ቢጠየቅ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በማኅበሩ ላይ ያለው እምነትም ነው።

ፕሮግራም የሚታደስበት ወቅትም ተመርጦ በኮሚቴ ይወሰን። የመኸሩ እህል ተረክቦ፣ ሂሳቡ ተዘግቶ፣ መዝገቡ ከተገለበጠ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ርክክቡ እስኪያልቅ ድረስ ግን ጸሐፊውም ሆነ ከከተማ የመጣው ባለሙያ «ትንሽ ላሻሽለው» ብሎ ኮምፒዩተሩን እንዳይነካ ሊቀ መንበሩ ይከልክል።